«ሰው ለመርዳት ደግሞ ዲግሪ?»

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ሶሻል ወርክ ከሚማሩ ወይም ሊማሩ ከሚያስቡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። እኔም በዚሁ ሙያ ያረጀሁ ነኝ። ለመስክ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም በሱፐርቫይዘርነት እይዛለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ላይ ወሬዬ ከበዛ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሶሻል ወርክ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተመድቤ ሳይሆን ፈልጌ ነው የገባሁት። አጎቴ ግን በተገናኘን ቁጥር «ሰው ለመርዳት ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ደግ ሰው ሁሉ ይረዳል» ይለኛል። ስቄ አልፈዋለሁ። ማታ ግን ይከነክነኛል፤ መልስ የለኝማ። ሳይኮሎጂ የምትማር ጓደኛ አለችኝ፤ ሶሺዮሎጂ የሚማርም አለኝ። እነሱ የያዙት ነገር ይታወቃል። እኔ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የቀመስኩ ነው የሚመስለኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ሆስፒታል ለፊልድ (ለመስክ ልምምድ) እወጣለሁ። የሰው ችግር ስሰማ እንባዬ ቅርብ ነው። ምን ይዤ ነው የምሄደው? (የከነከናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። ደግነት ዲግሪ አይፈልግም። አትከራከሪያቸው።

ግን ይሄን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ሙያው ራሱ የተወለደው በዚህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ለንደን ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት አስተባባሪ ማኅበር ተቋቋመ። በከተማው ደግ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ሞልቶ ነበር። ችግሩ ሁሉም በየፊናው መስጠቱ ነው። አንዱ ቤት ከሦስት ቦታ ይረዳል፣ ጎረቤቱ ከአንዱም አያገኝም። ማኅበሩ በጎ ፈቃደኞችን ቤት ለቤት መላክ ጀመረ። ሄደው ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይመክራሉ። ምክሩ ላይ ግን ብዙዎቹ ተሳሳቱ። ሰው የሚደኸየው በጠባዩ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር የተራበን ሰው ስለ ቁጠባ ሰበኩት። ሰባኪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ በእግራቸው ተጉዘው ነው የሚሰብኩት።

ሌላው መንገድ ትንሽ ቆይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1884 በዚያው ለንደን ቶይንቢ ሆል ተከፈተ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር ገብተው መኖር ጀመሩ። ጄን አዳምስ የምትባል አሜሪካዊት ይሄን አይታ ተመለሰችና ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር እ.ኤ.አ. በ1889 ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስን ከፈተች። አዳምስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልማለች። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሽልማቱን አይደለም፤ ቆሻሻውን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቆሻሻ ሳይነሳ ይከመራል፣ የሰውም ጤና ይታወካል። እሷ ከንፈሯን መጥጣ አላለፈችም። የቆሻሻ ማንሳቱን ሥራ እኔ ልውሰድ ብላ ተጫረተች። ጨረታው ባይሳካላትም እ.ኤ.አ. በ1895 የዚያ ቀበሌ የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ከዚያማ ማለዳ እየተነሳች የቆሻሻ ጋሪዎቹን ከኋላ ከኋላ መከታተል ነው።

ጓደኞችሽ ሲጠይቁሽ ይሄን ንገሪያቸው። የታመመውን ልጅ ታያለሽ፤ በዚያው ዓይንሽ በሩ ላይ ያለውን ክምርም ታያለሽ። ከሳይኮሎጂውም ከሶሺዮሎጂውም ትበደሪያለሽ፣ ልክ ነው፤ መበደር ነውር አይደለም፣ ሐኪምም ከኬሚስትሪ ይበደራል። ያንቺ ሥራ ግን ሰውየውና ዙሪያው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። አን ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1975 ያመጣችው ኢኮማፕ የሚባል ሥዕል አለ፤ እስካሁን ካልሳላችሁ በቅርቡ ትስላላችሁ። መሃል ላይ ቤተሰቡን በክብ ታደርጊያለሽ። ዙሪያውን ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ዘመድ፣ ክሊኒክ፣ ጓደኛ። ከዚያ መስመር ነው። ጠንካራው ግንኙነት በወፍራም፣ የላላው በነጠብጣብ፣ ጠብ ያለበት አጫጭር ሰረዞች በሚያቋርጡት መስመር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የራሴን ስስል ከጓደኞቼ ጋር የሚያገናኙኝ መስመሮች ሁሉ ነጠብጣብ ሆነው አገኘኋቸው። ለካ አንድም ቀን ተቸግሬ ደውዬላቸው አላውቅም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ለመምህሬ ሌላ ስዬ ሰጠሁ። (ይቅር ትበለኝ።)

ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዴት መጣ ብትይ፣ ሜሪ ሪችመንድ ናት አንዷ ጠንሳሽ። ራሷ ያን ቤት ለቤት የሚዞረውን ሥራ ስትመራ የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 ቆማ፣ በጎ ፈቃድ ብቻውን አልሆነም፣ ማሠልጠኛ ይከፈት አለች። በዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ተጀመረ፤ ዛሬ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የሚባለው ከዚያ ያደገ ነው። አምስተርዳምም እ.ኤ.አ. በ1899 የራሷን ከፈተች። ስለዚህ አጎትሽ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተዋል። ይሄን እንኳ አትበያቸው።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንሂድ።

የእኔም የመጀመሪያ ፊልድ ሆስፒታል ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። የተሰጡኝ ተገልጋይ ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። ሕክምናው አልቋል፤ ይውጡ ተብሏል። እሳቸው ግን አይወጡም። ጠዋት ስጠይቃቸው «ነገ» ይላሉ። በማግስቱም «ነገ»። አልጋው ይፈለጋል፤ ነርሶቹ ደግሞ እኔን ነው የሚያዩት።

ያልሞከርኩት የለም። ብቸኝነት ፈርተው ይሆናል ብዬ ስለ አንድ የአረጋውያን ማኅበር አወራኋቸው። መጓጓዣ አጥተው ይሆናል ብዬ መኪና አመቻቸሁ። መኪናው መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን መዝገባቸው ላይ «ተገልጋዩ ተባባሪ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ደግሞ ቀለል አለኝ።

ሱፐርቫይዘሬ አነበበችው። በእርሳስ አሰመረችበትና «ይሄ ያንቺ ፍርድ ነው» አለችኝ። «ምን አሉ? ምን አደረጉ? እሱን ጻፊልኝ።»

ፕሮሰስ ሪከርዲንግ ማለቷ ነው። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ትከፍይዋለሽ። በአንዱ ንግግሩን እንዳለ ትጽፊያለሽ፤ እሳቸው እንዲህ አሉ፣ እኔ እንዲህ አልኩ። በሁለተኛው ያኔ የተሰማሽን። ሦስተኛው ለሱፐርቫይዘርሽ ነው። ተማሪ ሁሉ ይጠላዋል። የግማሽ ሰዓት ወሬ ጽፎ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበላል። እኔም እያጉረመረምኩ ነው የተቀመጥኩት።

ስጽፍ ግን አንድ ነገር መጣ። «ቤት ማን አለ?» አልኳቸው። «ማንም» አሉ። ከዚያ በደህናው እጃቸው የደረት ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። እኔ ስለ ማኅበሩ ማውራት ጀመርኩ። የሁለተኛውን ቀን ጻፍኩ፤ እዚያም ኪሳቸውን ዳብሰዋል። ሦስተኛው ቀን፣ መኪናው ውጭ ቆሞ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ። አራቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱንም አልጠየቅኩም። የማወራው ነገር ነበረኛ!

በማግስቱ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ኪስዎ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር። ቆጥሬ ብሆን ከደቂቃ ያልፋል። ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«ቁልፍ» አሉኝ።

ለካ የቤታቸው ቁልፍ ጎረቤታቸው ጋ ነው ያለው። ወድቀው ያገኛቸው፣ ሰው የጠራላቸው፣ ቤቱንም ቆልፎ የሄደው እሱ ነው። ከእሱ ጋር ደግሞ በአጥር ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላምታ የላቸውም። ቀና ብለው ሄደው ያንን ሰው «ቁልፌን ስጠኝ» ማለት ሞት መሰላቸው። እስከ መቼ ሆስፒታል ሊኖሩ እንዳሰቡ እንጃ። እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

«እኔ ልደውልለት» አልኩ ወዲያው። «አይሆንም» አሉ። ቆጣ ብለው።

እዚህ ላይ ደግ ሰው ምን ያደርጋል? ተደብቆ ይደውላል። ቁልፉ ይመጣል፣ ነገሩ ያልቃል። እኔም እግሬ ወደ ስልኩ እየሄደ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ስለ ራስ የመወሰን መብት ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ትርጉሙ የገባኝ የዚያን ቀን ነው። ተመልሼ ቁጭ አልኩና «እንዴት ቢሆን ይሻልዎታል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ቁጥሩን እንድመታላቸው ጠየቁኝ። መታሁላቸው፣ ስልኩን በደህናው እጃቸው አስያዝኳቸውና ከክፍሉ ወጣሁ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤትየው መጣ። ቁልፉን ከሰጣቸው በኋላ ጫማቸውን አጎንብሶ ያሰረላቸውም እሱ ነው።

«ምን ይዤ ልሂድ» ላልሽው፣ ያን ዝምታ ይዘሽ ሂጂ። የመጀመሪያውን ሳምንት ብዙ አትሥሪ። ማን ምን እንደሚሠራ እወቂ፤ ተገልጋይ የሚያስወጣው ማነው፣ ወረቀት የሚፈርመው ማነው፣ የሌሊት ተረኛዋ ማናት። «ይስተካከላል» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» በቂ ነው፤ ከዚያ ጠይቀሽ ንገሪያቸው። ፊልድ ማሟያ ኮርስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት መስክ ላይ ካልዋልሽ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት አትመረቂም።

እንባውን አልረሳሁትም። ፊሊክስ ቢስቴክ የሚባሉ ካህንና መምህር እ.ኤ.አ. በ1957 የሙያውን ግንኙነት በሰባት መርሆች አስቀምጠውታል። ካልተማርሽው ትማሪዋለሽ። ከሰባቱ አንዱ ስሜትን መግራት ነው። ልብ በይ፣ ስሜት አይኑርሽ አላሉም። ዓይንሽ እንባ ቢያቀር ማንም አይሞትም። ተገልጋይዋ የራሷን ትታ አንቺን ማባበል ከጀመረች ግን ሥራው ተገልብጧል። ያኔ ውጪና ፊትሽን ታጠቢ፤ ከሰዓት ደግሞ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪያት። ሱፐርቪዥን የሚባለው ሰዓት የተቀመጠው ለሪፖርት ብቻ አይደለም። ያልተናገረ ተማሪ አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ወር ምንም የማይሰማው ሆኖ ነው የመጣው። እሱ ከእንባው በላይ ያስፈራኛል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤ ወንድ ነኝ። ለፊልድ የተመደብኩት ትምህርት ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን ለማንም አልናገርም በለኝ» አለችኝ። እንድታምነኝ ፈልጌ «እሺ፣ ቃሌ ነው» አልኳት። የእንጀራ አባቷ እንደሚደበድባት ነገረችኝ። ክንዷ ላይ ያለውን ምልክት አሳየችኝ። አሁን ብናገር ከሃዲ ልሆን ነው፣ ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። አራት ቀን ሆነኝ። (ቃል የገባው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን አምድ እስከ መጨረሻው አታንብብ። አሁኑኑ ተነስና ለሱፐርቫይዘርህ ንገር። ማታ ከሆነ ደውል። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ በላክኸው አድራሻ ይሄንኑ ጽፌልሃለሁ፤ እዚህ የማወጣው በተመሳሳይ ቦታ ላይ ላለ ሌላ ተማሪ ነው።

ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ምሰሶ ነው፣ ልክ። ግን ወሰን አለው። ሕፃን ልጅ ሲጎዳ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን እዚያ ያበቃል። ከሶሻል ወርክ ውጭም ቢሆን በዚህ የታወቀ ፍርድ አለ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጠው ውሳኔ፣ የሥነ ልቦና ሐኪም ተገልጋዩ ሌላ ሰው ላይ አደጋ እንደሚያደርስ ካወቀ የሚጠቃውን ሰው ለመጠበቅ እርምጃ መውሰድ አለበት ብሏል። ያንተ ጉዳይ ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነው። የምትጠበቀው ልጅ ራሷ ናት የነገረችህ።

ስህተትህ አፍህ ላይ ነው እንጂ ልብህ ላይ አይደለም። ቃሉን መስጠት አልነበረብህም። ሁላችንም አንድ ጊዜ ሰጥተነዋል። እኔ የሰጠሁበትን ቀን አሁንም ማስታወስ አልወድም።

ሱፐርቫይዘርህ ከሰማች በኋላ፣ እሷ የምትልህን ይዘህ፣ ልጅቷ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ራስህ ንገራት። ዞር ጠምዘዝ አትበል። «አልናገርም ብዬሽ ነበር። ያን ማለት አልነበረብኝም፤ ተሳስቼ ነው። አንቺ የነገርሽኝ ነገር ብቻዬን ይዤው የምቀመጠው አይደለም። ለእገሊት ነግሬያታለሁ። ቀጥሎ የሚሆነው ይሄ ይሄ ነው።» ልትቆጣህ ትችላለች። ትቆጣህ። ልታኮርፍ ትችላለች። አንተ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰዓቱ ላይ እዚያው ወንበር ላይ ተገኝ፤ ብትመጣም ባትመጣም። ዝርዝሩን እየደጋገምክ አትጠይቃት፤ መመርመር ያንተ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ የተመደበ ሰው አለ። የሰማኸውን በራሷ ቃል ጽፈህ ቀኑንና ሰዓቱን አድርግበት። እንደ እኔ «ተባባሪ አይደለችም» ብቻ እንዳትል።

ወደፊት ደግሞ አረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን፣ ገና ስትተዋወቁ፣ ተናገረው። «እዚህ የምናወራውን ለሌላ አልናገርም። አንቺ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ ከሆናችሁ ግን ለመናገር እገደዳለሁ፤ ስናገርም አስቀድሜ እነግርሻለሁ።» ተማሪዎቼ ይሄን ካልኩ ማንም አያወራኝም ብለው ይሰጋሉ። የእኔ ልምድ እንደዚያ አይደለም። እንደውም ብዙ ልጆች ወሰኑን ከሰሙ በኋላ ነው የሚናገሩት፤ የሚናገርላቸው ሰው ሲፈልጉ ኖረዋላ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 39 ነው። ቢሮ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ብዙ ዓመት ቆየሁ። ሶሻል ወርክ መማር ፈለግሁ። ከ20 ዓመት ልጆች ጋር መቀመጡ ያሳፍራል? የመግቢያ ድርሰትም ጻፉ ይላል፤ ምን ልበል? (የዘገየችው)

መልስ፦ አያሳፍርም። እንደውም ልጆቹን የሚያስፈራው የስታትስቲክስ ኮርስ ላይ እርስዎ ይስቃሉ፤ እነሱም ጎንዎ ለመቀመጥ ይሻማሉ። ሰው ተጣልቶ ሲታረቅ፣ ሰው ሲቀበር፣ ሰው ከሥራ ሲባረር ያዩትን ያህል እነሱ አላዩም። ደመወዙን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። በአብዛኛው ቦታ የሚያኮራ አይደለም፤ ቤት የሚያስተዳድሩ ከሆነ ከመልቀቅዎ በፊት ይቁጠሩት። መቁጠሩንስ ያውቁበታል።

ድርሰቱን በተመለከተ፣ እንደዚህ ያሉ ድርሰቶች እንዳነብ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚል መክፈቻ ስላየሁ ብዛት ዓይኔ ራሱ ይዘለዋል። እርስዎ እንደዚያ አይበሉ። ሰው ሊረዱ ሄደው ያልተሳካልዎትን አንድ ቀን ይጻፉ። ያበደሩት ገንዘብ ቤት ያፈረሰበትን፣ ወይም የሰጡት ምክር የከሸፈበትን። ማን ምን እንዳለ፣ እርስዎ ምን እንዳሉ፣ ዛሬ ቢሆን ምን እንደሚጠይቁ። እንዲህ ያለ ድርሰት ሳገኝ ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ነው የማነበው።

ፎርሙ ላይ የዕድሜ ሳጥን አለ። 39 ብለው ይሙሉትና ወደ ድርሰቱ ይለፉ።